የደብሊኑ የፋሲካ አመፅ ተገቢ ነበር ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በ1916 አየርላንዳውያን በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ያነሱት የፋሲካ አመፅ ትክክል ነበር? ሕዝቡ አልመረጣቸውም። ከተማ መሀል ውጊያ ከፍተው ስንት ሰላማዊ ሰው አስጨረሱ። የራስ አስተዳደር ሕጉም ቀድሞ ጸድቆ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ ለምንድነው እንደ ጀግና የሚታዩት?»

ጥያቄዎ ከባድ ነው። አየርላንዳውያን ራሳቸው ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት ኖረዋል፤ ዛሬም አልተስማሙም። ዘመኑን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንደምጽፍ አስቀድሜ ልንገርዎ።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። አየርላንዳውያን በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ የመነሳት መብት ነበራቸው። በዚያ ሰኞ፣ በዚያ ከተማ፣ በዚያ መንገድ እንዲጀመር ግን ጥቂት ሰዎች በምስጢር የመወሰን መብት አልነበራቸውም ብዬ አምናለሁ። እነዚህ ሁለት ጉዳዮች አብረው ስለሚቦኩ ክርክሩ መቋጫ ያጣል። አንዱ ወገን ስለ ጭቆናው ያወራል፣ ሌላው በጥይት ስላለቁት ልጆች። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ ግን አይደማመጡም።

የሆነው ይህ ነው። ሰኞ ኤፕሪል 24 ቀን 1916፣ በፋሲካ ማግስት፣ ከአንድ ሺህ ትንሽ የሚበልጡ የታጠቁ ወንዶችና ሴቶች በደብሊን ዋናውን ፖስታ ቤትና ሌሎች ትልልቅ ሕንፃዎችን ያዙ። ገጣሚና መምህር የነበረው ፓትሪክ ፒርስ ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ የአየርላንድ ሪፐብሊክ መመሥረቷን የሚያውጅ ጽሑፍ አነበበ። ከአዋጁ ግርጌ የሰባት ሰዎች ስም አለ፦ ቶማስ ክላርክ፣ ሾን ማክ ዲርማዳ፣ ቶማስ ማክዶና፣ ፒርስ፣ ኤመን ከንት፣ ጄምስ ኮኖሊና ጆሴፍ ፕለንከት። እንግሊዝ በሳምንቱ ውስጥ እስከ 16 ሺህ ወታደር አስገባች። ከተማዋ በመድፍ ተደበደበች። ዋናው ጎዳና ጋየ። ቅዳሜ ፒርስ እጁን ሰጠ። ነገሩ ስድስት ቀን ነው የቆየው።

ብዙ ሰው ለአማፅያኑ ሲከራከር ከረሃቡ ይነሳል። ከ1845 ጀምሮ የድንች ሰብል በበሽታ ሲጠፋ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው አለቀ። ሌላ ከአንድ ሚሊዮን የማያንስ አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ሕዝቡ እየሞተ እህል ወደ ውጭ ይጫን ነበር። በ1841 ከ8 ሚሊዮን በላይ የነበረው የሕዝብ ብዛት በ1911 ወደ 4.4 ሚሊዮን ወርዷል። ይህን እየሰማ ያደገ ልጅ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ግን የ1916ቷ አየርላንድ ሌላ አገር ሆና ነበር። በ1903 ከወጣው የመሬት ሕግ ወዲህ ብዙ ገበሬ የሚያርሰውን መሬት የራሱ አድርጓል። የአካባቢ ምክር ቤቶች በምርጫ ይቋቋማሉ። ለንደን ፓርላማ ውስጥ ከመቶ በላይ የአየርላንድ እንደራሴዎች ተቀምጠዋል። ከነሱ ከ70 በላይ የሚሆኑት በሰላማዊ መንገድ የራስ አስተዳደር የሚጠይቀው፣ ጆን ሬድመንድ የሚመራው ፓርቲ ሰዎች ናቸው። የደብሊን ድሃ ኑሮ አሰቃቂ እንደነበር አልክድም፤ 20 ሺህ ያህል ቤተሰብ እያንዳንዱ በአንዲት ክፍል ይኖር ነበር። የሠራተኞች መሪ የነበረውን ኮኖሊን ጠመንጃ ያስነሳው ይህ ነው። ቢሆንም ረሃቡ ብቻውን «ለምን በ1916?» የሚለውን አይመልስም።

እኔ የአማፅያኑ ጠበቃ ብሆን ረሃቡን ትቼ በቀጥታ ወደ 1912 ነበር የምሄደው።

የራስ አስተዳደር ረቂቅ ሕግ በ1886 ቀርቦ ወደቀ። በ1893 የታችኛው ምክር ቤት አሳለፈው፤ የመኳንንቱ ምክር ቤት ጣለው። በ1911 የመኳንንቱ ሥልጣን ተቀነሰ። ስለዚህ በ1912 ሦስተኛው ረቂቅ ሲቀርብ ማለፉ የማይቀር ሆነ። ያኔ በሰሜን፣ በአልስተር፣ ከእንግሊዝ ጋር መቆየት የሚፈልጉት ፕሮቴስታንቶች ተነሱ። ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ወንድና ሴት በተቃውሞ ቃል ኪዳን ላይ ፈረመ። 100 ሺህ ገደማ ሰው ያለው የራሳቸውን ጦር አቋቋሙ። በኤፕሪል 1914 ከጀርመን የገዙትን 25 ሺህ ያህል ጠመንጃ በሌሊት በላርን ወደብ አራገፉ። ማንም አልነካቸውም። የወግ አጥባቂዎቹ መሪ ቦናር ሎው አልስተር በተቃውሞዋ የትም ድረስ ብትሄድ ከጎኗ እቆማለሁ ብሎ በአደባባይ ተናግሮ ነበር። በከራ ጦር ሰፈር ደግሞ 60 የሚጠጉ የእንግሊዝ መኮንኖች «አልስተር ላይ ዝመቱ ከምንባል ብንባረር ይሻለናል» አሉ። መንግሥት አንዳቸውንም አልቀጣም።

ከሦስት ወር በኋላ ሌላው ወገን፣ የአየርላንድ በጎ ፈቃደኞች የሚባለው ጦር፣ 900 ያህል ጠመንጃ በሆውዝ ወደብ አስገባ። ለነሱ ግን ወታደር ተላከባቸው። ወታደሮቹ ሲመለሱ ደብሊን ውስጥ ሕዝብ ላይ ተኩሰው ሰው ገደሉ።

የራስ አስተዳደር ሕጉ በሴፕቴምበር 1914 ጸደቀ። እርስዎ የሰሙት ይህን ነው፤ ትክክል ነው። ግን በዚያው ቀን፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እስኪያልቅ ተብሎ ታገደ። አልስተርን በተመለከተም ሕጉ ገና እንደሚሻሻል ቃል ተገባ። በሜይ 1915 ጥምር መንግሥት ሲቋቋም ቦናር ሎው ሚኒስትር ሆነ። የአልስተር ተቃውሞ መሪ ኤድዋርድ ካርሰን ደግሞ የመንግሥቱ ዋና የሕግ ሹም ተደረገ። ለሬድመንድም ሹመት ቀርቦለት ነበር፤ እሱ አልቀበልም አለ። ለማንኛውም አንድ የደብሊን ወጣት የሚያየው ግልጽ ነበር። ፓርላማ ሊያወጣው በነበረ ሕግ ላይ ጦር ያደራጁት ተሾሙ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰላማዊ ትግል ያገኘው ደግሞ የታገደ ወረቀት ነው። «እንግሊዝ የምትሰማው ጠመንጃ የያዘን ብቻ ነው» የሚለውን ትምህርት ለአየርላንድ ያስተማረችው ራሷ ለንደን ናት። የ1916ቱ ደም ሲቆጠር ይህ ድርሻ ሁልጊዜ ይረሳል፤ እኔን በጣም የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ ይዤም ግን ሚዛኑ ለአማፅያኑ አይደፋልኝም። ምክንያቴ ከእንግሊዞች አፍ የወጣ አይደለም። ከራሳቸው ከአየርላንዳውያኑ ነው።

የበጎ ፈቃደኞቹ ዋና አዛዥ ኦየን ማክኒል የሚባል የታሪክ ፕሮፌሰር ነበር። በፌብሩዋሪ 1916 ለጓዶቹ አንድ ማስታወሻ ጻፈላቸው። የማሸነፍ ምክንያታዊ ተስፋ ሳይኖር ጦርነት መክፈት በሥነ ምግባር ስህተት ነው አላቸው። አብዮት የሚሳካው ሰፊና ጥልቅ የሕዝብ ቅሬታ ሲኖር ነው፤ መንገድ ላይ ወጥታችሁ ዙሪያችሁን ብታዩ ግን እንዲህ ያለ ነገር አሁን የለም አላቸው። ማክኒል ጠመንጃ አልጠላም። መንግሥት ትጥቅ ሊያስፈታን ከመጣ ወይም ወጣቱን በግዳጅ ሊያዘምት ከተነሳ እንዋጋለን የሚል አቋም ነበረው። ይህ የፈሪ ሐሳብ አይደለም። አብዛኞቹ አማፅያን ያደጉበት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስለ ፍትሃዊ ጦርነት የምታስተምረውም ወደዚሁ የቀረበ ነው፤ ምክንያቱ እውነተኛ፣ የሚወስነው አካል ሥልጣን ያለው፣ ሌላ መንገድ የታጣ፣ የማሸነፍም ተስፋ ያለ መሆን አለበት።

ታዲያ ምን አደረጉ? ዋናውን አዛዥ ዋሹት። አመፁን ያቀደው የአየርላንድ ሪፐብሊካን ወንድማማቾች ከሚባለው ምስጢራዊ ማኅበር ውስጥ የወጣ አነስተኛ የጦር ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው መንግሥት በጎ ፈቃደኞቹን ሊበትን ነው የሚል ሰነድ ለማክኒል እንዲደርሰው አደረገ። ሰነዱን ብዙ የታሪክ ሰዎች የተቀነባበረ ነው ይሉታል። አመፁን የተቃወመውን የራሳቸውን የማኅበር አባል ቡልመር ሆብሰንን በስቅለት ዕለት ጠልፈው ያዙት። በ1873 የጸደቀው የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት የሚከፈትበትን ሰዓት አብዛኛው የአየርላንድ ሕዝብ እስኪወስን ይጠበቃል ይላል። እነሱ ግን ሕዝቡን አልጠበቁም። የገዛ ደንባቸውን ጣሱ።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ለአማፅያኑ 20 ሺህ ጠመንጃ የጫነችው የጀርመን መርከብ ተይዛ የራሷ ሠራተኞች አሰጠሟት። ለአመፁ እርዳታ ፍለጋ ጀርመን ሄዶ የተመለሰው ሮጀር ኬዝመንት ባሕር ዳርቻ ላይ ተያዘ። ማክኒል እውነቱን ሲያውቅ አመፁ ሊጀመርበት የታሰበውን የእሁዱን ሰልፍ በጋዜጣ ጭምር ሰረዘ። መሪዎቹ ሰኞ የወጡት ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። እንደማያሸንፉ እያወቁ።

አንድ መልስ እንዳለ ልቀበል። ምስጢራዊ ትግል ድምፅ አሰጥቶ አይጀመርም። ምርጫውም ቢሆን በጊዜው አልተካሄደም፤ በዲሴምበር 1910 የተመረጠው ፓርላማ ጊዜው ሲያልቅ በጦርነቱ ምክንያት ራሱን አራዝሟል። ይህን ክርክር አልንቀውም። ግን የሕዝቡን ልብ የሚያሳይ ሌላ ምልክትም ነበር። በ1914 በጎ ፈቃደኞቹ እንግሊዝን በጦርነቱ እንርዳ ወይስ አንርዳ በሚል ሲከፈሉ 170 ሺህ ያህሉ ከሬድመንድ ጋር ሄደ፤ ከማክኒል ጋር የቀረው ወደ 11 ሺህ ነው። ኮሚቴው ደግሞ የነዚህን የ11 ሺዎቹንም መሪ አታሎ ነው የተነሳው።

ከሁሉ በላይ የምቸገርበት የቦታው ምርጫ ነው። ከተያዙት ቦታዎች አንዱ «ሳውዝ ደብሊን ዩኒየን» የሚባለው የድሆች መጠለያና ሆስፒታል ነው። ከ3 ሺህ በላይ አቅመ ደካማ ሰው ውስጡ ነበር። በሽተኛ፣ አሮጊትና አእምሮው የታመመ ሰው ባለበት ግቢ ውስጥ ተኩስ እንደሚከፈት እያወቁ ገቡ። አንዲት ነርስ እዚያው በእንግሊዝ ወታደሮች ጥይት ሞተች። ሴንት ስቲቨንስ ግሪን በሚባለው መናፈሻ ደግሞ መንገድ ለመዝጋት የተወሰደበትን ጋሪ ሊያስመልስ የሞከረን ሰው አማፅያኑ ተኩሰው ገደሉት። የመጀመሪያው ሟች መሣሪያ ያልያዘ አየርላንዳዊ ፖሊስ ነው። ከሳምንቱ 485 ያህል ሟቾች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሲቪሎች ናቸው። 40ዎቹ ልጆች ነበሩ።

እነዚህን ሁሉ የገደሉት አማፅያኑ አይደሉም፤ ብዙዎቹን የፈጀው የእንግሊዝ መትረየስና መድፍ ነው። በኖርዝ ኪንግ ጎዳና ወታደሮች ቤት ለቤት እየገቡ 15 ያህል ሰላማዊ ወንዶችን ገደሉ። ጦርነትን በመቃወም የታወቀው ፍራንሲስ ሺሂ ስኬፊንግተን ዝርፊያ ለማስቆም ሲዘዋወር ተይዞ፣ ያለ ፍርድ በአንድ መኮንን ትእዛዝ ተረሸነ። መኮንኑ ጥፋተኛ ቢባልም አእምሮው የታወከ ነው ተብሎ ዳነ። የዚህ ኃጢአት ባለቤቶች የታወቁ ናቸው። ሆኖም ውጊያውን ሰው በተጨናነቀበት ሰፈር መሀል የተከለ ሰውም ከተጠያቂነት አያመልጥም። ፒርስ ይህን የተረዳው ይመስለኛል። እጅ የሰጠበት ትእዛዝ የመጀመሪያ ምክንያት አድርጎ ያነሳው የደብሊን ነዋሪዎች ተጨማሪ እልቂት እንዳይደርስባቸው የሚለውን ነው።

ምርኮኞቹ በጎዳና ሲነዱ ሕዝቡ ሰደባቸው። በተለይ ባሎቻቸው ፈረንሳይ ግንባር ላይ የነበሩ ሴቶች ክፉኛ ጮኹባቸው። 200 ሺህ ገደማ አየርላንዳዊ በዚያ ጦርነት በእንግሊዝ ጦር ውስጥ እንደተሰለፈ ካሰቡት አያስገርምም።

ከዚያ የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ጄኔራል ማክስዌል የሕዝቡን ልብ ገለበጠው። ተከላካይ ጠበቃ በሌለበት ዝግ የጦር ፍርድ ቤት እየፈረደ፣ ከሜይ 3 እስከ 12 ድረስ በየጥቂት ቀኑ ሰው አስረሸነ። 14 ሰው በደብሊኑ ኪልሜነም እስር ቤት፣ አንድ ደግሞ በኮርክ። ፕለንከት ሊረሸን ጥቂት ሰዓት ሲቀረው እጮኛውን በእስር ቤቱ ጸሎት ቤት አገባ። የፒርስ ታናሽ ወንድም ብዙም የጎላ ሚና ሳይኖረው ተገደለ። ቁርጭምጭሚቱ በጥይት የደቀቀውና መቆም ያልቻለው ኮኖሊ ወንበር ላይ ሆኖ ተረሸነ። ኬዝመንት በኦገስት ለንደን ውስጥ ተሰቀለ። 3,500 ያህል ሰው ታሰረ፤ ይህ አመፁ ላይ ከነበሩት በእጅጉ ይበልጣል። የሬድመንድ ምክትል ጆን ዲለን በሜይ 11 ፓርላማ ውስጥ ተነስቶ፣ የዕድሜ ልክ ሥራችንን በደም ባሕር እያጠባችሁት ነው ብሎ ጮኸ። አልሰሙትም።

ቀጥሎ የሆነውን ያውቁት ይሆናል። በዲሴምበር 1918 ምርጫ የሪፐብሊኩን ዓላማ የያዘው ሺን ፌን ከ105 መቀመጫ 73ቱን ወሰደ። የሬድመንድ ፓርቲ አየርላንድ ውስጥ 6 ብቻ ቀረው። በጃንዋሪ 1919 የተመረጡት ደብሊን ውስጥ የራሳቸውን ፓርላማ ከፈቱ።

«ሕዝቡ በ1918 መርቋቸዋል፤ ስለዚህ 1916ም ትክክል ነው» የሚለው ክርክር ከዚህ የመጣ ነው። ተማሪዎቼም አዘውትረው ያነሱታል። እኔ አልቀበለውም። የ1918ቱ ድምፅ ለነፃነት ጥያቄ ሙሉ ሥልጣን ሰጥቷል። እንግሊዝ ያን ድምፅ ረግጣ መግዛት ከቀጠለችበት ቀን ጀምሮ የመቃወም መብቱ የአየርላንዳውያን ነው፤ በዚህ አልጠራጠርም። ግን በ1916 የሞተን ልጅ በተመለከተ በ1918 ፈቃድ መስጠት አይቻልም። እንዲህ ከሆነማ ማንም የታጠቀ ቡድን «በኋላ ትስማማላችሁ» ብሎ መነሳት ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። በኤፕሪል 1918 ለንደን አየርላንዳውያንን በግዳጅ ለማዝመት የሚያስችል ሕግ አወጣች። ማክኒል «ያኔ እንዋጋለን» ያለው ሁኔታ ልክ ደረሰ ማለት ነው። የሬድመንድ ፓርቲ፣ ሺን ፌን፣ ጳጳሳቱና የሠራተኛ ማኅበራቱ አንድ ላይ ቆሙ። በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሕዝቡ አንዘምትም ብሎ ፈረመ። ኤፕሪል 23 ከአልስተር በስተቀር አገሩ ሥራ አቆመ። እንግሊዝ ሕጉን ሳታስፈጽመው ቀረች። አንድም ሕንፃ ሳይቃጠል! አመፁ ሁለት ዓመት ቢታገስ ኖሮ ሕዝቡን ይዞ ይነሳ ነበር። የአመፁ ደጋፊዎች «1916 ባይኖር 1918ም እንደዚያ አይሆንም ነበር» ይላሉ። በከፊል ልክ ናቸው፤ የተረሸኑት ሰዎች ስም ያን ዓመት በየሰው አፍ ነበር። ግን ልጁን ወደ ጦር ግንባር ሊወስዱበት ሲመጡ የሚቆጣ ወላጅ የሌላ ሰው ሞት ቀስቃሽነት የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

በሌላ በኩል የራስ አስተዳደር ሕጉ ሁሉንም ይፈታው ነበር የሚሉትም ይቸኩላሉ። የቀድሞው የአየርላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ብሩተን በ2014 አመፁ አላስፈላጊ ነበር፣ ሕጉ ቀስ በቀስ ወደ ነፃነት ይወስድ ነበር ብለው ተከራክረዋል። ሊሆን ይችላል። ግን ሕጉ ለደብሊን ጦርም ሆነ የውጭ ጉዳይ አይሰጥም። ደግሞም ከአመፁ በኋላ፣ በ1916 ክረምት፣ የእንግሊዙ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅ ሕጉን ወዲያው ሥራ ላይ ለማዋል ሲደራደር ለሬድመንድ የሰሜኑ ስድስት አውራጃዎች መገለል ጊዜያዊ ነው አለው፤ ለካርሰን ደግሞ ቋሚ ነው ብሎ ጻፈለት። ነገሩ ሲታወቅ ድርድሩ ፈረሰ። የለንደንን ቃል ያላመነ ሰው በቂ ምክንያት ነበረው። የአገሪቱ መከፈልም ቢሆን አመፁ ብቻ ያመጣው አይደለም፤ ከ1914 በፊት ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

የአመፁ መዘዝ በራሳቸው በአየርላንዳውያን ላይም ዞሯል። በጃንዋሪ 1922 የአየርላንድ ፓርላማ ከእንግሊዝ ጋር የተደረገውን፣ ከሪፐብሊክ ያነሰ ነፃነት የሚሰጠውን ስምምነት በ64 ለ57 ድምፅ አጸደቀ። ተቃዋሚዎቹ የታወጀ ሪፐብሊክ በድምፅ አይሻርም ብለው መሣሪያ አነሱ። ጥቂቶች የሕዝቡን እውነተኛ ፈቃድ እናውቃለን ብለው መነሳት ይችላሉ የሚለው ሐሳብ አንዴ ቅዱስ ከሆነ በኋላ ማን ያቆመዋል? የእርስ በርስ ጦርነት ሆነ። አዲሱ መንግሥት ከ70 በላይ ወገኖቹን ረሸነ፤ ማክስዌል ከረሸናቸው በብዙ እጥፍ። በሰሜን አየርላንድ ከ1969 በኋላ መሣሪያ ያነሱትም የጠቀሱት ያንኑ 1916ን ነው።

«ለምን እንደ ጀግና ይታያሉ?» ላሉት፦ ጀግኖች ስለነበሩ ነው። ሌላውን ልከው ከኋላ አልቀሩም። ሰባቱም ፈራሚዎች ሞቱ። አንድ ሰው ጀግና ሆኖ የተሳሳተ ውሳኔ ሊወስን ይችላል፤ እኔ ይህን ማለት አይከብደኝም። ከሞት የተረፉትም ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። ሞት ተፈርዶበት ቅጣቱ ወደ እስራት የተቀየረለት ኤመን ደ ቫሌራ በ1935 የአገሩ መሪ ሆኖ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ቆሟል። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ፣ በአገሩ የነበረውን ለጣሊያን ያደላ ድምፅ ችላ ብሎ ማኅበሩ ቃሉን እንዲያከብር ጠይቋል፤ በጣሊያን ላይ የተጣለውን ማዕቀብም ደግፏል። ማዕቀቡ በዓመቱ ከሽፎ እሱም ቢተወው፣ ያን ጊዜ የተናገረው ለእኛ ትንሽ ነገር አይደለም።

በ2016 መቶኛው ዓመት ሲከበር በደብሊኑ ግላስኔቪን መቃብር የዚያን ሳምንት ሟቾች ሁሉ ስም የተቀረጸበት ግድግዳ ተመረቀ። አማፂው፣ የእንግሊዝ ወታደሩ፣ ሲቪሉና ልጁ ሳይለዩ ነው የተጻፉት። የወታደሮቹ ስም ከአማፅያኑ ጋር መኖሩ ያስቆጣቸው ሰዎች ደጋግመው ጉዳት አደረሱበት፤ በመጨረሻ አስተዳደሩ ፕሮጀክቱን ተወው። እኔ መቆየት ነበረበት ከሚሉት ወገን ነኝ። ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሲቪሎች ናቸው፤ እነሱን የሚጨምር ሌላ የስም ዝርዝር ከተማዋ አደባባይ ላይ እስኪቆም ድረስ ይህ ክርክር ጎዶሎ ነው የሚሆነው።